ኢንተርኔት ሲኖርም ሲጠፋም፦ የአማተር ሳተላይት ክትትል ለፍኖተ ሰላምና ለቡሬ

ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ በቀን አራት ወይም አምስት ጊዜ ከፍኖተ ሰላም አድማስ በላይ ይወጣል። ብቅ ካለበት እስከሚጠልቅበት ያለው ጊዜ ረዘመ ቢባል አሥር ደቂቃ ነው። ጠፈርተኞቹ ከትምህርት ቤቶች ጋር በአማተር ሬዲዮ ሲነጋገሩ ድምፃቸው በ145.800 ሜጋኸርዝ ይወርዳል፤ ጣቢያው አናታችን ላይ በደረሰ ጊዜ ከሪያድ እስከ ዳሬሰላም ባለው ክበብ ውስጥ ያለ ሁሉ ሊሰማው ይችላል። ለመስማት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የሚከብደው ጣቢያው መቼና በየት በኩል እንደሚያልፍ አስቀድሞ ማወቅ፣ ከዚያም አንቴናውን በአቅጣጫ፣ ሬዲዮውን በፍሪኩዌንሲ ከእሱ ጋር እኩል ማስኬድ ነው።

ይህን ሥራ የሚሠሩ ሶፍትዌሮች ሞልተዋል። አብዛኞቹ በነጻ ይገኛሉ፣ በኔትወርክም እርስ በርስ ይነጋገራሉ። እዚህ የምመረምረው ከእነዚህ ውስጥ ለምዕራብ ጎጃም የሚስማማውን ነው፤ መብራት ለሚቆራረጥበት፣ ኢንተርኔት ለወራት ሊጠፋ ለሚችልበት፣ ነገር ግን ሰማዩ ሰፊ፣ የሬዲዮ ጫጫታው ከትልልቅ ከተሞች ያነሰ ለሆነበት አገር። የደረስሁበትን ከወዲሁ ልናገር፦ ለእኛ የሚበጀው በአንድ ግቢ ውስጥ ያለ ኢንተርኔት በራሱ የሚቆም ሥርዓት ነው። ከዓለም ጋር የሚያገናኘው ክፍል መስመር በተገኘ ጊዜ የሚጨመር እንጂ ሲቋረጥ ሁሉንም ይዞ የሚወድቅ መሆን የለበትም።

ከሰማይ የሚወርድ ምልክት ማዳመጥ ለዚህ የዓለም ክፍል አዲስ አይደለም። አሥመራ ላይ የነበረው የአሜሪካ ጦር የቃኘው ጣቢያ ከ1943 እስከ 1977 እ.ኤ.አ. ሠርቷል። በ1960ዎቹ የተተከሉለት ሁለት ግዙፍ ሳህኖች፣ አንዱ 150 ሌላው 85 ጫማ ስፋት ያላቸው፣ የሶቪየት ኅብረት የጠፈር መንኩራኩሮች ወደ አገራቸው የሚልኩትን ምልክት ለመጥለፍ የቆሙ ነበሩ። በዚያው ዘመን ደብረ ዘይት ላይ የስሚዝሶኒያን የሥነ ፈለክ ምርምር ተቋም ቤከር ነን የተባለውን ትልቅ ካሜራ ተክሎ፣ የሚያልፉ ሳተላይቶችን ከከዋክብቱ ጋር ፎቶ እያነሳ ቦታቸውን ይለካ ነበር። ኢትዮጵያ የራሴ ያለቻት የመጀመሪያዋ ሳተላይት፣ 72 ኪሎ ግራም የምትመዝነው ኢቲአርኤስኤስ-1፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይናው የታይዩዋን ማምጠቂያ ተነሣች፤ የመሬት መቆጣጠሪያዋም እንጦጦ ላይ ተሠራ። ከአሥር ኪሎ በታች የሆነችው ኢቲ-ስማርት-አርኤስኤስ በዓመቱ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም. ተከተለቻት።

እነዚህ ሁሉ የመንግሥት ወይም የጦር ኃይል ሥራዎች ናቸው። የአማተሮቹ መንገድ ግን ለብቻው ነው። በደርግ ዘመን አማተር ሬዲዮ በአገራችን ከሞላ ጎደል ጠፍቶ ቆየ። ከዚያ በኋላ የተቋቋመው የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ኢቲ3ኤኤ በሚል መጠሪያ የሚታወቀውን ጣቢያውን አምስት ኪሎ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ውስጥ አቆመ። በዓለም ዙሪያ ያሉ አማተሮች የኢትዮጵያን ድምፅ የሚያውቁት በዚህ ጣቢያ ነው። በጎጃም አንድ ክበብ ልቋቋም ቢል ልምድም ምክርም የሚጠይቀው ከዚያ ነው።

አማተሮች ሳተላይት የጀመሩት ከማንም ብዙም ሳይዘገዩ ነው። ስፑትኒክ በመጠቀች በአራት ዓመቷ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1961 እ.ኤ.አ.፣ በካሊፎርኒያ አማተሮች የተሠራችው ኦስካር-1 ወደ ሰማይ ወጣች። አራት ኪሎ ተኩል ገደማ የምትመዝን ሳጥን ነበረች፤ በሞርስ ኮድ የሰላምታ ቃል ብቻ እየደጋገመች 22 ቀን ገደማ ቆይታ ዝም አለች። ድምፅዋን ከ28 አገር የተውጣጡ ከ570 በላይ አማተሮች ሰምተው ሪፖርታቸውን ላኩ። ዛሬ በኔትወርክ የሚሠራው ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው ብዬ አምናለሁ፤ አንድ ጣቢያ ብቻውን የሳተላይትን ሙሉ ዙር ማየት አይችልምና ብዙ አዳማጭ የየበኩሉን ጥቂት ደቂቃ አዋጥቶ አንድ ሙሉ ታሪክ ያወጣል። ኦስካር-7 ደግሞ የትዕግሥት ምሳሌ ናት። ንጉሡ ከዙፋን በወረዱ በሁለት ወሩ፣ ኅዳር 6 ቀን 1967 ዓ.ም. መጠቀች፤ ባትሪዋ በ1981 እ.ኤ.አ. ሲበላሽ ሞተች ተባለ። በሰኔ 2002 እ.ኤ.አ. ግን አንድ አማተር የማያውቀውን የሞርስ ምልክት ሰምቶ ቢመረምር እሷው ሆና ተገኘች። የተበላሸው ባትሪ ከጊዜ በኋላ ከኤሌክትሪክ ዑደቷ ስለተቆረጠ ከዚያ ወዲህ ፀሐይ በመታት ጊዜ ሁሉ ትሠራለች።

ሶፍትዌሩ ሳተላይት የት እንዳለች የሚያውቀው እንዴት ነው? የሚያስፈልገው ሁለት መስመር ቁጥር ነው። የአሜሪካ ጠፈር ኃይል በራዳር የሚለካውን የየሳተላይቱን ምህዋር በሁለት መስመር ጨምቆ ያወጣዋል፤ ቲ. ኤስ. ኬልሶ የሚባሉት ምሁር ደግሞ ሴለስትራክ በተባለው አገልግሎታቸው ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሕዝብ ያዳርሱታል። በሁለቱ መስመሮች ውስጥ ልኬታው የተወሰደበት ዓመትና የዓመቱ ስንተኛ ቀን፣ የምህዋሩ ዘንበል ማለት፣ የክቡ ሞላላነት፣ በዚያች ቅጽበት ሳተላይቷ የነበረችበት ነጥብና በቀን ስንት ጊዜ ምድርን እንደምትዞር ተጽፏል። ኤስጂፒ4 የተባለው ስሌት ይህን ይዞ ወደፊት ይቆጥራል። ለጎጃም ሰው ይህ አካሄድ ባዕድ አይደለም፤ በአብነት ትምህርት ቤት ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ከታወቀ ዘመን ተነሥቶ፣ ዓመቱን ቆጥሮ፣ በተረፈው ላይ አበቅቴና መጥቅዕ አውጥቶ ጾሙና በዓሉ መቼ እንደሚውሉ የሚናገርበትን መንገድ ይመስላል። ልዩነቱ የሳተላይቱ ቁጥር ቶሎ ማርጀቱ ነው። በዝቅተኛ ምህዋር ያለችን ሳተላይት ስስ አየር እየጎተተ ስለሚያዘገያት ስሌቱ በየቀኑ በኪሎ ሜትሮች ይስታል፤ ስለዚህ በጥቂት ቀናት ልዩነት መታደስ አለበት።

እዚህ ላይ ለእኛ ትልቅ ትርጉም ያለው ነገር አለ። እያንዳንዱ መስመር 69 ፊደልና ቁጥር ይይዛል፤ ሁለቱ ሲደመሩ 138 ናቸው። አንድ የሞባይል አጭር መልእክት በእንግሊዝኛ ፊደል 160 ይይዛል። ስለዚህ የአንድ ሳተላይት ሙሉ የምህዋር መረጃ በአንዲት አጭር መልእክት ከአዲስ አበባ ቡሬ ይደርሳል። መስመሮቹ መጨረሻቸው ላይ የመፈተሻ አኃዝ አላቸው፤ ሲገለበጥ አንድ ቁጥር ቢሳሳት ሶፍትዌሩ ድምሩን አይቶ ያውቀዋል። በስልክ አንብቦ ማስጻፍም ይቻላል ማለት ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በኋላ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረዥም ወራት ተዘግቶ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው የዚህን ጥቅም ለመረዳት ማብራሪያ አይሻም። የሚያሳስበው በአንጻሩ የአጻጻፉ ማርጀት ነው፤ የሳተላይቶቹ መለያ ቁጥር አምስት አኃዝ ብቻ ስለሚይዝና ሰማዩ እየሞላ ስለሆነ ወደ አዲስ የመረጃ ቅርጽ መሸጋገር ግድ ሆኗል። አዲሱን የማያነብ አሮጌ ሶፍትዌር አዳዲሶቹን ሳተላይቶች አያያቸውም። ኮምፒውተር ላይ ሲጫን የቅርቡን እትም መያዝ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ከምህዋሩ ቀጥሎ የሚያሳስተው ሰዓት ነው። የጠፈር ጣቢያው በሴኮንድ 7.7 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ የኮምፒውተሩ ሰዓት በአንድ ደቂቃ ቢዛነፍ አንቴናው ጣቢያውን ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ባለ ቦታ ይፈልገዋል። ለዚህ ሥራ በብዛት የሚመረጠው ራስፕቤሪ ፓይ የተባለው ትንሽ ኮምፒውተር ደግሞ ከአዲሱ ትውልዱ በፊት የራሱ ባትሪ ያለው ሰዓት አልነበረውም፤ ሲበራ ሰዓቱን ከኢንተርኔት ይጠይቃል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኢንተርኔት ከሌለ በተሳሳተ ሰዓት ሥራውን ይቀጥላል፤ ጉድለቱን በስክሪኑ ላይ አይናገርም፣ የሚሰማው ድምፅ ብቻ ይጠፋል። መፍትሔው ርካሽ ነው፤ በክኒን ባትሪ የሚሠራ የሰዓት ሰሌዳ ወይም ጂፒኤስ መቀበያ ማያያዝ። ጂፒኤሱ ሰዓቱን ከሰማይ ስለሚያመጣ ይሻላል ባይ ነኝ። ተማሪዎችን የሚያደናግረው ሌላው ነገር ሶፍትዌሩ የሚናገረው በዓለም አቀፉ ሰዓት መሆኑ ነው። ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሦስት ደምሮ፣ ወደ እኛ ስድስት ከመቀነስ በቀጥታ ሦስት መቀነስ ይበቃል፤ ሶፍትዌሩ 15 ሰዓት ካለ ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው፣ 6 ሰዓት ካለ ከጠዋቱ 3 ሰዓት።

አሁን ወደ ሶፍትዌሮቹ። ጆን ማግሊያካኔ የተባሉ አሜሪካዊ አማተር በ1990ዎቹ መጀመሪያ የጻፉት ፕሬዲክት በዘመኑ ትልቅ ሐሳብ ይዞ መጣ፤ ራሱን እንደ ሰርቨር አቁሞ በኔትወርኩ ያለ ሌላ ኮምፒውተር «ይቺ ሳተላይት አሁን የት ናት?» ብሎ ሲጠይቀው ይመልስ ነበር። ስሌቱ አንድ ቦታ ይሠራል፣ ውጤቱን የፈለገ ሁሉ ይወስዳል። በአሌክሳንድሩ ቼቴ የተጀመረው ጂፕሬዲክት ይህንኑ የፕሬዲክት ስሌት ወርሶ በካርታና በሥዕል አለበሰው። ሳተላይቶቹን በዓለም ካርታ ላይ ያሳያል፣ የሚመጡትን ማለፊያዎች በሰንጠረዥ ያወጣል፣ አንቴናና ሬዲዮም ያዛል። መረጃው አንዴ ከተጫነለት ኢንተርኔት አይፈልግም።

ጂፕሬዲክት መሣሪያዎቹን በቀጥታ አይነካም። ይህ ነው የዚህ ሁሉ አሠራር ቁልፉ። በ2000 እ.ኤ.አ. አካባቢ የተጀመረው ሃምሊብ የተባለው የጋራ ሥራ የተለያዩ ፋብሪካዎችን ሬዲዮና የአንቴና ማዞሪያ ሞተር ቋንቋ አንድ በአንድ ተምሮ ለሌሎች ሶፍትዌሮች ወደ አንድ ቋንቋ ይተረጉማል። ሁለት ትንንሽ ሰርቨሮች አሉት፤ የሬዲዮው በ4532፣ የሞተሩ በ4533 ፖርት ትእዛዝ ይጠብቃሉ። ትእዛዙ አንድ የላቲን ፊደልና ቁጥር ብቻ ነው። ለሞተሩ አንድ ፊደል፣ ከዚያ አቅጣጫና ከፍታ በዲግሪ፤ ለሬዲዮው አንድ ፊደል፣ ከዚያ ፍሪኩዌንሲው በኸርዝ። ጀማሪ ተማሪ በኪቦርድ ጽፎ ሞተሩን ሊያንቀሳቅስ፣ ከዚያም በአሥር መስመር ፕሮግራም ራሱ ሊያዝዘው ይችላል። ይህ ቀላልነት ለትምህርት ቤት ከማንኛውም ውድ ጥቅል ይበልጥብኛል። ስሌቱ በላቦራቶሪው ኮምፒውተር ላይ፣ ሬዲዮው ጣሪያ ሥር ባለ ሣጥን፣ ሞተሩ ምሰሶው ላይ ሆነው በአንድ የኔትወርክ ገመድ ይገናኛሉ፤ ከግቢው ውጭ አንድም ነገር አይጠይቁም።

ሬዲዮውን ማዘዝ ለምን አስፈለገ ለሚል፦ ወደ እኛ እየመጣች ያለች ሳተላይት ፍሪኩዌንሲዋ ከፍ ብሎ ይሰማል፣ ስትሄድ ዝቅ ይላል። በ145 ሜጋኸርዝ ልዩነቱ ወደላይም ወደታችም ሦስት ኪሎኸርዝ ተኩል ገደማ ስለሆነ ለተራ የድምፅ ስርጭት ብዙም አያውክም። በ437 ሜጋኸርዝ ግን አሥር ኪሎኸርዝ ይደርሳል፤ ሶፍትዌሩ በየሴኮንዱ ካላስተካከለው ጠበብ ያለው ምልክት ከመቀበያው ያመልጣል። ሳተላይቷ አናት ላይ በምታልፍበት ቅጽበት ለውጡ በጣም ስለሚፈጥን በእጅ መከተል አድካሚ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ላክል። እነዚህ ሰርቨሮች በተለመደው አጫጫናቸው የይለፍ ቃል አይጠይቁም፤ ኔትወርኩ ላይ የገባ ሁሉ አንቴናውን ሊያዞር ይችላል። በግቢ ውስጥ ችግር የለውም። ፖርቶቹን ለኢንተርኔት ክፍት ማድረግ ግን፣ በተለይ ማሰራጫ ከተያያዘ፣ የጣቢያን ቁልፍ መንገድ ላይ መተው ነው። ከሩቅ መጠቀም የፈለገ በተመሰጠረ መስመር ይግባ።

ከግቢ ወጥተን ዓለም አቀፎቹን እንይ። ከሁሉ የሚጠቀሰው ሳትኖግስ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. በአቴንስ ወጣቶች የጀመሩት፣ በዚያው ዓመት የሃካዴይን ሽልማት ያሸነፈ፣ ዛሬ ሊብሬ ስፔስ ፋውንዴሽን የሚያስተዳድረው የበጎ ፈቃደኞች መረብ ነው። እያንዳንዱ ጣቢያ ራስፕቤሪ ፓይ፣ በዩኤስቢ የሚሰካ መቀበያና አንቴና አለው፤ ሞተር ያላቸው አሉ፣ ያለ ሞተር በቆመ አንቴና የሚሠሩም ብዙ ናቸው። ጣቢያው በየጊዜው ወደ ማዕከሉ እየገባ የታዘዘለትን ሥራ ይወስዳል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ሳተላይቷን ይቀዳል፤ ድምፁን፣ ዳታውንና ፍሪኩዌንሲው ከጊዜ ጋር የተጓዘበትን ምስል መልሶ ይልካል። ውጤቱ ለማንም ክፍት ነው። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቅጂዎች ተከማችተዋል። አንድ ዩኒቨርሲቲ ያመጠቃት ትንሽ ሳተላይት በመጀመሪያ ቀኖቿ በሕይወት መኖሯ የሚረጋገጠው ብዙ ጊዜ በእነዚህ ጣቢያዎች ነው።

ጣቢያዎቹ በአብዛኛው አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ናቸው። አፍሪካ ላይ ሰፊ ባዶ ቦታ አለ፤ ከፍኖተ ሰላም የሚቀዳ አንድ ማለፊያ ከበርሊን ከሚቀዳው ሃያኛ ማለፊያ የበለጠ ዋጋ የሚኖረው ስለዚህ ነው። ይህን ስል የተፈጥሮን ገደብ አልሸሽግም። ዋልታ ለዋልታ የምትዞር ሳተላይት በሰሜን ዋልታ አጠገብ ያለውን ስቫልባርድን በእያንዳንዱ ዙሯ ታየዋለች፤ ከምድር ወገብ አሥር ዲግሪ ብቻ ርቀን ላለነው ግን በቀን አራት ጊዜ ያህል ብቻ ነው የምትታየን። የመሬቱ አቀማመጥ በአንጻሩ ይረዳናል። ከፍኖተ ሰላም በስተ ምሥራቅ የጮቄ ተራራ ከአራት ሺህ ሜትር በላይ ይቆማል፤ ርቀቱ ወደ 60 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ግን ከአድማሱ የሚሸፍነው ሁለት ዲግሪ አይሞላም። ከተማዋን በላህ ወንዝ በኩል ወይም ቡሬን ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ ለቅቆ የወጣ ሰው ከፋብሪካ ሞተርና ኢንቨርተር ጫጫታ ርቆ ሰፊ ሰማይ ያገኛል።

ሳትኖግስ ላይ ያለኝ ቅሬታ ሥራው ሁሉ በኢንተርኔት በኩል ስለሚታዘዝ ነው። መስመር ሲጠፋ ጣቢያው ከዓለም ዝርዝር ይወጣል፤ ግቢው ውስጥ ላሉት ተማሪዎችም የሚሰጠው ነገር ይቀንሳል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ራሱን የቻለ አውቶማቲክ በመሆኑ፣ ከተተከለ በኋላ ማንም ሳይነካው ዓመት ሊሠራ ይችላል፤ ለሳይንስ መልካም ነው፣ ለተማሪ ግን ደካማ አስተማሪ ይሆናል። ታይኒጂኤስ የተባለው ከዚህ ይቀላል። ሎራ በተባለው አሠራር አጫጭር መልእክት የሚልኩ ጥቃቅን ሳተላይቶችን በመዳፍ በሚያዝ ኢኤስፒ32 ሰሌዳ ይቀበላል፣ ዋጋውም ከሁሉ ያነሰ ነው። እሱም ቢሆን ኢንተርኔት ይፈልጋል። በጂፕሬዲክትና በሃምሊብ ያልተማረ ክፍል ወደ እነዚህ ባይቸኩል እመርጣለሁ፤ የተማረ ክፍል ደግሞ መስመር ሲኖረው ሁለቱንም ቢጨምር ደስ ይለኛል።

ለክፍል በጣም የወደድሁት ሌላ ነው። በኔዘርላንድስ የትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ ዌብኤስዲአር ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድን መቀበያ ለብዙ አድማጭ በአንድ ጊዜ ማካፈል እንደሚቻል አሳየ፤ እያንዳንዱ አድማጭ የየራሱን ፍሪኩዌንሲ ይመርጣል። ነጻው ኦፕንዌብአርኤክስ ይህንኑ በራስፕቤሪ ፓይ ላይ አመጣው። በክፍሉ ዋይፋይ ላይ ያሉ ተማሪዎች በየስልካቸው ብሮውዘር ከፍተው ጣሪያው ላይ ያለውን አንቴና ይሰማሉ፤ ኢንተርኔት አያስፈልግም። ይህ የሆነው መቀበያው ራሱ ስለረከሰ ነው። ለዲጂታል ቴሌቪዥን የተሠራው የዩኤስቢ ዶንግል ለሁለገብ ሬዲዮ እንደሚሆን በ2012 እ.ኤ.አ. ከታወቀ ወዲህ ከ24 እስከ 1766 ሜጋኸርዝ የሚሰማ መቀበያ በ40 ዶላር ገደማ ይገኛል። ጥሬውን ምልክት በኔትወርክ ለሌላ ኮምፒውተር የሚያስተላልፍ ፕሮግራምም አብሮት ይመጣል፤ በሴኮንድ ወደ 38 ሜጋቢት ስለሚወስድ ግን በጥሩ የግቢ ኔትወርክ እንጂ በእኛ የሞባይል መስመር የሚታሰብ አይደለም።

አሁን ደግሞ የማይንቀሳቀሰውን እንመልከት፤ በምዕራብ ጎጃም ባለሙያው ያለው እዚህ ላይ ነውና። ካታር በኅዳር 2018 እ.ኤ.አ. ያመጠቀቻት ኤስሃይል-2 ለአማተሮች የተሰጠ ማስተላለፊያ ይዛለች፤ ኪውኦ-100 ይሉታል። ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ስለቆመ አይወጣም፣ አይጠልቅም። ከብራዚል እስከ ታይላንድ ያሉ አማተሮች ሌት ተቀን ይነጋገሩበታል። የቆመበት ቦታ 26 ዲግሪ ምሥራቅ ገደማ፣ ከአረብሳት ጎን ነው። በየገጠር ከተማው አረብሳትንና ናይልሳትን ሲያስገባ የኖረ፣ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ሳህኖቹን ወደ ኢትዮሳት ሲያዞር የከረመ የዲሽ ሠራተኛ ይህን ሰማይ በቃሉ ያውቀዋል። ከፍኖተ ሰላም ሲታይ ኢትዮሳት ያለችበት 57 ዲግሪ በምሥራቅና በደቡብ ምሥራቅ መካከል፣ ከአድማስ 64 ዲግሪ ከፍታ ላይ ነው። ኪውኦ-100 ደግሞ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ከሰሜን ተነሥቶ በቀኝ ሲለካ 227 ዲግሪ፣ 72 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብሎ ይገኛል። ያ ከፍታ ከዝናቡ ወራት በቀር ምንም የሚጋርደው የለም።

ለመስማት ተራው የቤት ሳህንና ከፊቱ የሚታሰረው ተራ መቀበያ፣ ኤልኤንቢ የሚባለው፣ ይበቃሉ። ምልክቱ 10,489 ሜጋኸርዝ ተሻግሮ ይገኛል፤ ኤልኤንቢው 9,750 ስለሚቀንስለት ወደ 740 ሜጋኸርዝ ወርዶ ይመጣል፣ እሱም በዶንግሉ አቅም ውስጥ ነው። ኤልኤንቢው ለቴሌቪዥን የተሠራ ስለሆነ በፀሐይና በብርድ ፍሪኩዌንሲው ይንሸራተታል፤ ለቴሌቪዥን የማይታወቀው መንሸራተት ለጠባቡ የአማተር ድምፅ ከባድ ነው። እዚህ ሶፍትዌሩ ሳተላይትን ሳይሆን ራሱን ኤልኤንቢውን ይከታተላል፤ ከሳተላይቷ የሚወርደውን ቋሚ ጠቋሚ ምልክት ይዞ ስሕተቱን ያርማል። የእኔ ምክር አንድ ትምህርት ቤት ከጠፈር ጣቢያው በፊት ከዚህ ይጀምር ነው። ሞተር የለም፣ አሥር ደቂቃ ጠብቆ ማምለጥ የለም፣ የከተማው ዲሽ ሠራተኛም ክፍሉ ገብቶ ሊያስተምር ይችላል። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ቡሬ ካምፓስ ለመሰለ ቦታ ይህ የአንድ ሳምንት ሥራ ነው።

የአየር ጠባይ ምስል ለመቀበል የሚፈልግ ደግሞ ጊዜው መቀየሩን ይወቅ። ለብዙ ዓመታት ጀማሪ ሁሉ የተማረባቸው የአሜሪካ ኖኣ 15፣ 18 እና 19 ሳተላይቶች በ2025 እ.ኤ.አ. ሥራቸውን አቁመዋል። በ137 ሜጋኸርዝ የቀሩት የሩሲያ ሜቴዎር ሳተላይቶች ናቸው፤ በእነሱ የክረምቱን ደመና ከዓባይ ሸለቆ በላይ ሲከማች ማየት ይቻላል። አሮጌ መመሪያ ይዞ ኖኣን የሚጠብቅ ሰው በከንቱ ይደክማል።

የሚቀረው ፈቃድ ነው፤ ቀላል አድርጌ አላየውም። ማሰራጨት ያለ ፈቃድ አይቻልም፤ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው የፍሪኩዌንሲውን ጉዳይ የሚመለከተው። ባለንበት የጸጥታ ሁኔታ ደግሞ ጣሪያ ላይ ያለ እንግዳ አንቴና፣ የሚያዳምጥ ብቻ ቢሆንም፣ ጥያቄ ያስነሣል። ስለዚህ ምሰሶው ከመቆሙ በፊት በትምህርት ቤቱ ማኅተም የተጻፈ ደብዳቤ ለሚመለከተው ሁሉ ይድረስ፤ ምን እንደሚሰማ፣ በየትኛው ፍሪኩዌንሲ፣ ኃላፊው መምህር ማን እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ። መሣሪያውም ከውጭ የሚገባ ከሆነ ከጉምሩክ በፊት ይጠየቅ። ክፍሉ ማዳመጥ ከቻለና ተማሪዎቹ ማለፊያ በራሳቸው ማስላት ከለመዱ በኋላ ወደ ማሰራጨት መሄድ የሚሻ ክበብ ማመልከቻውን ከአማተር ማኅበሩ ጋር ተመካክሮ ቢያዘጋጅ መንገዱ ያጥርለታል። ለኪውኦ-100 ወደላይ የሚላከው በ2.4 ጊጋኸርዝ ነው፤ በቤት ሳህን ጥቂት ዋት ይበቃዋል። ኡጋንዳና ዚምባብዌ በ2022 እ.ኤ.አ. በአማተር ፍሪኩዌንሲ የሚናገሩ የመጀመሪያ ሳተላይቶቻቸውን ከጃፓኑ የክዩሹ ቴክኖሎጂ ተቋም ጋር ሠርተው አምጥቀዋል፤ የሠሯቸውም ወጣት መሐንዲሶች ናቸው። የምዕራብ ጎጃም ተማሪዎች እንዲህ ያለ ሥራ ውስጥ ሲገቡ ማየት እፈልጋለሁ፤ ለዚያ የመጀመሪያው ወጪ አንድ ዶንግል፣ አንድ ያገለገለ ኤልኤንቢ፣ ሰዓቱን የማይረሳ አንድ ትንሽ ኮምፒውተርና መብራት ሲጠፋ የሚያቆየው 12 ቮልት ባትሪ ነው።